ኮንትሮሎቹ ሲሞቱብሽ፦ ስለ ዳፍኒያ ፈተና ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለማስተርስ ጥናትሽ ፖታሲየም ዳይክሮሜት የሚባለው ክሮሚየም ያለበት ኬሚካል ዳፍኒያን፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የምትኖረውን ጥቃቅን እንስሳ፣ ምን ያህል እንደሚጎዳ እየፈተንሽ ነው። በ48ኛው ሰዓት ስታዪ፣ ምንም ኬሚካል ካልገባባቸው 20 ኮንትሮሎች ውስጥ 7ቱ ሞተዋል። አንድ የምታማክሪው ሰው ደግሞ «በአቦት ቀመር ቀንሰሽ ቀጥዪ» ብሎሻል፤ በኮንትሮሉ የሞቱትን ከሌሎቹ ቢከሮች ውጤት ላይ የሚቀንስ ስሌት ነው። ልቀጥል ወይ ነው ያልሽው።

አትቀጥዪ። ይሄን ውጤት መዝግበሽ አስቀምጪው፤ ለስሌት ግን አትጠቀሚበት።

ይህ የዳፍኒያ ፈተና የሚሠራበት ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ ኦኢሲዲ 202፣ በኮንትሮሉ የሚፈቅደው ጉዳት ቢበዛ 10 በመቶ ነው። ከ20 ውስጥ 2 ማለት ነው። የአቦት ቀመር የተሠራው ለትንሽ ጉዳት ነው፤ አንድ ሁለቱ በራሳቸው ምክንያት ሲሞቱ ለማረም። 7 ሲሞቱ ግን ሌላ ገዳይ ቢከሩ ውስጥ አለ። ያ ገዳይ ዳይክሮሜት ባለባቸው ቢከሮችም ውስጥ አለ። ከክሮሚየሙ ጋር ተጋግዞ ይግደል ወይ ለየብቻ፣ ማን ያውቃል? ቀመሩ ሁለቱ ለየብቻ እንደሚሠሩ አድርጎ ነው የሚቀንሰው። ስለዚህ የምታገኚው ቁጥር ቁጥር ይመስላል እንጂ ምንም አይነግርሽም።

እኔም በዚሁ ነገር ሦስት ወር ተቃጥያለሁ። እናቶቹ ዳፍኒያዎች በማርቢያው ማሰሮ ውስጥ ደልቷቸው፣ እንቁላል ተሸክመው ይዋኛሉ። ልጆቻቸውን ወደ ፈተና ውሃ ስወስዳቸው በማግስቱ ከቢከሩ ሥር ተኝተው አገኛቸዋለሁ። ሁለቱም የተሠሩት ከአንድ የተጣራ ውሃ ነው። እና እንዴት አንዱ ያሳድጋል፣ ሌላው ይገድላል? ልዩነቱ የማርቢያው ውሃ ኤም4 የሚባለው የማርቢያ ቅመም መሆኑ ነበር። ኤም4 ውስጥ ኢዲቲኤ የሚባል ኬሚካል አለ። ኢዲቲኤ እንደ መዳብ ያሉ ብረቶችን እንዳይጎዱ አፍኖ ይይዛል። የፈተናው ውሃ ውስጥ ግን ኢዲቲኤ የለም። በመጨረሻ ከሌላ ላብራቶሪ 10 ሊትር የተጣራ ውሃ ለምኜ አመጣሁ። ኬሚካል ሳልጨምር አራት ቢከር በእኛ ውሃ፣ አራት ቢከር በልመናው ውሃ ሠራሁ። በልመናው ውሃ ሁሉም ዋኙ። የእኛን ውሃ ስናስለካው መዳብ ተገኘበት። በእረፍት ሰሞን የውሃ ማጠራቀሚያው ሩቢኔት ተበላሽቶ በናስ ተቀይሮ ነበር። ናስ ደግሞ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። ዳፍኒያን ለማንቀጥቀጥ በሊትር ጥቂት አስር ማይክሮግራም መዳብ ይበቃል። እኛ ብንጠጣው ምንም አይለንም።

ስለዚህ መጀመሪያ ውሃሽን ጠርጥሪ። ከየት ነው የምትቀጂው? በምን ቧንቧ ያልፋል? የከተማ ቧንቧ ውሃ ከሆነ ክሎሪኑ ብቻውን ይጨርሳቸዋል። ቢከሮቹን ማን ነው የሚያጥበው፣ በምን ሳሙና? የሳሙና ቅሪት ለእነዚህ እንስሳት ቀልድ አይደለም።

ቀጥሎ እጅሽ። አዲስ የተወለደች ዳፍኒያ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። የምታነሽባት መምጠጫ (ፒፔቱ) አፉ ሰፊና ጫፉ ለስላሳ ይሁን። ስትለቂያት ጫፉን ውሃው ውስጥ አስገቢው። ከላይ ካንጠባጠብሻት አየር ከቅርፊቷ ሥር ይገባል። ከዚያ እንደ ቡሽ ትንሳፈፋለች። ትፍጨረጨራለች፣ መውረድ ግን አትችልም። በማግስቱ ከተጎዱት ጋር ትቆጥሪያታለሽ፤ የገደላት ግን የውሃው ገጽ ነው። ከለቀቅሽ በኋላ አጎንብሰሽ ከጎን በኩል እዪ። የተንሳፈፈች ካለች ወዲያው በሌላ ቀይሪ።

ስለ እናቶቹ አንድ ነገር ልጨምር። ለፈተና የሚገቡት ከተወለዱ 24 ሰዓት ያልሞላቸው ናቸው፤ ይሄን እንደምታውቂ ከጽሑፍሽ ገብቶኛል። ግን ከመጀመሪያው ወሊድ አትውሰጂ። ጀርባቸው ላይ ጥቁር ኮርቻ የመሰለ ነገር ካየሽ ደግሞ እናቶቹ ተጨንቀዋል ማለት ነው። ኮርቻው ክፉ ቀን የሚያሳልፍ እንቁላል ይዟል። መጨናነቅ ወይም የምግብ እጥረት ይኖራል። ቀንሺያቸው፣ አልጌ በደንብ መግቢያቸው፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ጠብቂ። በፈተናው 48 ሰዓት ግን ምግብም የአየር ፓምፕም የለም።

«ሞቱ» ብለሽ ነው የጻፍሽው። እዚህ ጋ ተጠንቀቂ። የምንቆጥረው ሞት አይደለም፣ መዋኘት ማቆም ነው። ቢከሩን ቀስ አድርገሽ አዙሪ። 15 ሰከንድ ቁጠሪ። በዚያ ውስጥ ካልዋኘች አንቴናዋን ብታወዛውዝም እንኳ መዋኘት አቁማለች ብለሽ ትመዘግቢያለሽ። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ስለሚያሳዝኑኝ አንቴና የሚያወዛውዙትን «ደህና ናቸው» እል ነበር። ውጤቴን ሁሉ አበላሸብኝ። ለዚህ ነው የምትጽፊው ኤልሲ50 (ግማሾቹን የሚገድለው መጠን) ሳይሆን ኢሲ50 (ግማሾቹን መዋኘት የሚያስቆመው መጠን) የሚሆነው።

የውሃው ኦክስጅን በሊትር 7 ሚሊ ግራም ብቻ ሆነ ብለሽ የተጨነቅሽው አያስጨንቅም። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው። በ20 ዲግሪ ውሃ ከዚህ የበለጠ ኦክስጅን ሊይዝ አይችልም። መመሪያው በመጨረሻ የሚፈልገው በሊትር 3 ሚሊ ግራም ነው። ይልቅ የሌሊቱን ቅዝቃዜ እዪ። ሙቀቱ ከ18 እስከ 22 ዲግሪ መሆን አለበት፤ በፈተናው ጊዜም ከ1 ዲግሪ በላይ ከፍና ዝቅ አይበል። መብራት ሲጠፋ ኢንኩቤተሩ ስንት ላይ እንደወረደ የሚመዘግብ ቴርሞሜትር አስገቢበት።

አንድ እድል አለሽ። ዳይክሮሜት ራሱ ዳፍኒያዎቹ ጤነኛ መሆናቸው የሚለካበት ኬሚካል ነው። የ24 ሰዓት ኢሲ50ው በሊትር ከ0.6 እስከ 2.1 ሚሊ ግራም መካከል መውደቅ አለበት። ይህ የዳይክሮሜቱ ሙሉ ክብደት ነው፤ ክሮሚየሙ ከዚያ 35 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱን ቀላቅለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው። ጓንት አድርጊ፣ ካንሰር አምጪ ነው፤ የተረፈውንም ሲንክ ውስጥ አትድፊው።

የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎችን ስላነሳሽ ግን ይሄን ልንገርሽ። ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም ሦስት የሚባለው ነው፤ ያንቺ ዳይክሮሜት ክሮሚየም ስድስት ነው። ጠባያቸው ለየቅል ነው። ክሮሚየም ሦስት ውሃው አሲድም አልካሊም ሳይሆን (ፒኤቹ ገለልተኛ ሲሆን) ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፤ ስድስቱ ሟሙቶ ይቀራል። የቆዳ ፍሳሽ ደግሞ ሰልፋይድም፣ ጨውም፣ ኖራም አለበት። በዳይክሮሜት ያገኘሽውን ይዘሽ «የሞጆ ወንዝ ይህን ያህል መርዛማ ነው» ማለት አትችዪም። ወንዙን ከፈለግሽ ፍሳሹን ራሱን በየደረጃው አቅጥነሽ ፈትኚ። በዚያ መንገድ ብትሄጂ ጥናትሽ ለአካባቢው ሰው የሚጠቅም ነገር ይወጣዋል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ለጊዜው ግን ዳይክሮሜቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፊበት። በዚህ ሳምንት ኮንትሮል ብቻ ሥሪ፦ 20 በራስሽ ውሃ፣ 20 ከሌላ ቦታ በመጣ ውሃ። የማርቢያሽ ውሃ ኢዲቲኤ እንዳለውና እንደሌለውም አጣሪ። የሁለቱን ቁጥር እዚሁ ለጥፊልን፣ አብረን እናየዋለን።