ትርፏ ሰረዝ

«በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ኮምቦልቻ ቤተሰብ ጋ ተቀምጫለሁ። በቅርቡ አንድ ድርጅት ለፈተና ጠራኝ። የከተማ ስሞችን ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በነጠላ ሰረዝ አያይዤ በአንድ መስመር እንዳወጣ ታዘዝኩ። መጨረሻ ላይ ትርፍ ሰረዝ ቀረችብኝ። ‹ይቺ ምንድን ናት?› ሲሉኝ ዝም አልኩ። ሥራው አለፈኝ። ፕሮግራሚንግ ትቼ ወደ ሌላ ልዙር?»

አብሽሪ እህቴ። በአንዲት ሰረዝ ሙያ አይተውም።

የሠራሽውን ልገምት። ባዶ ጽሑፍ ይዘሽ፣ በፎር ሉፕ (ያንኑ ትእዛዝ ለየስሙ በሚደጋግም ዙር) እየዞርሽ፣ ከየስሙ ኋላ ሰረዝ ለጠፍሽ። ሉፑ ደግሞ የመጨረሻው ስም የቱ እንደሆነ አያውቅም። ለመጀመሪያዋ ከሚሴ የሰጠውን ሰረዝ ለመጨረሻዋ ወልዲያም ይሰጣል። መፍትሔው ይኸውልሽ፦ ከሉፑ በላይ ባዶ ሊስት (ስሞቹን የሚይዝ ዝርዝር) ክፈቺ። ሉፑ ውስጥ ከሚሴን፣ ኮምቦልቻን፣ ደሴን፣ ሐይቅን፣ ወልዲያን በአፔንድ ትእዛዝ ጨምሪ። ሉፑ ሲያልቅ የሊስቱን ስሞች አያይዞ አንድ ጽሑፍ የሚያደርገውን ትእዛዝ፣ ጆይንን፣ ጥሪ። ጆይን ሰረዝ የሚያስገባው በስሞቹ መሀል ብቻ ነው፤ አምስት ከተማ፣ አራት ሰረዝ።

አጻጻፉ መጀመሪያ ግር ይላል። ጆይን የሚጠራው ከሊስቱ ሳይሆን ከሰረዙ ላይ ነው። ሰረዙ በትምህርተ ጥቅስ ይቀድማል፣ ነጥብና ጆይን ይከተላል፣ ሊስቱ ቅንፍ ውስጥ ይገባል። እኔም ስንት ጊዜ ገልብጬዋለሁ!

ባዶውን ሊስት ሉፑ ውስጥ እንዳትከፍቺ። በየዙሩ ባዶ ስለሚሆን መጨረሻ ላይ ወልዲያ ብቻዋን ትቀርሻለች። ሊስቱ ውስጥ ቁጥር ካለም ጆይን ስህተት ይሰጣል፤ መጀመሪያ ወደ ጽሑፍ ቀይሪው።

በእኔ ግምት ግን የጎዳሽ ሰረዟ ሳትሆን ዝምታሽ ነው። «ትርፍ ሰረዝ ቀርታለች፣ በጆይን ላስተካክላት» ብትዪ ኖሮ ፈታኙ ስህተቷን ማየትሽን ያውቅ ነበር። ቤት ስትለማመጂ ድምፅ አውጥተሽ እያስረዳሽ ጻፊ። እህት ወንድሞችሽ ይሳቁ፣ ግድ የለም።

ለማሳያ የሚሆን ሥራም ያስፈልግሻል። የሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር ይበቃል። በየደንበኛው የወሰደውን ዕቃ በሊስት ሰብስቢ፣ በጆይን አያይዘሽ ለአንድ ሰው አንድ መስመር አውጪ። ፓይተን 3 ፊደላችንን ስለሚቀበል በአማርኛ ጻፊው። የሰው ዕዳ ነውና ስሞቹን ቀይረሽ ጊትሃብ (ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ላይ ጫኚው። ያ ድርጅት እንደገና ማስታወቂያ ካወጣም ሳታፍሪ ተመዝገቢ።