ፓይተኑ አልበላም ሲል

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከቨርጂኒያ ነው። ልጄ የሚያሳድገው ቦል ፓይተን የሚባል ዘንዶ ምግብ ካልነካ ስድስት ሳምንት ሆነው። በየሦስት ቀኑ አይጥ እናቀርብለታለን፣ ዞር ብሎም አያይ። ቆዳውን ሲቀይር ተበጣጥሶ ነው የወጣው፤ ጅራቱ ጫፍ ላይ አሁንም ተጣብቋል። ሳጥኑ መስታወት ነው፣ ክዳኑ ወንፊት፣ ከላይ መብራት አለው። ይሞትብን ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ በዚህ አይሞትም። ይህ የዘንዶ ዓይነት ምግብ በመዝለል የታወቀ ነው፤ በብርዱ ወራት ጤነኛው ራሱ ለወራት ሳይበላ ሊቆይ ይችላል። እኔን ያሳሰበኝ ቆዳው ነው። ሁሉ ነገር ሲመቸው ቆዳውን እንደ ካልሲ ገልብጦ ባንዴ ነው የሚያወልቀው። ተቆራርጦ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ አየሩ ደርቆበታል።

ቤቱን ሂተር ያደርቀዋል፣ የቀረችውን እርጥበት ደግሞ ወንፊቱ ያስወጣታል። መብራቱ ያለበትን ቦታ ትታችሁ አብዛኛውን ክዳን በፎይል ሸፍኑት። ከሥሩ የኮኮናት ልጣጭ አንጥፉና ማዕዘኖቹ ላይ ውሃ አፍስሱ፤ ታቹ ይርጠብ፣ ላዩ ደረቅ ይሁን። እርጥበቱ ከ60 በመቶ አይውረድ። ዓይኑ ደፍርሶ ሰማያዊ ሲመስል ቆዳ ሊቀይር ነውና ወደ 70 ከፍ አድርጉት።

ለጅራቱ፣ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ በስታችሁ እርጥብ ሞስ (ውሃ የሚይዝ ለስላሳ ተክል) ሙሉበትና ሞቃቱ ጎን አስቀምጡለት። ገብቶ ከቆየ በኋላ በእርጥብ ፎጣ ቀስ አድርጋችሁ አሹት። ቸል አትበሉት፤ የተጣበቀው ቆዳ እንደ ቀለበት ደም ካገደ ጫፉ ይሞታል። ዓይኑ ላይ የቀረ ካለ ግን በጣት እንዳትነኩት፣ የሐኪም ሥራ ነው።

በትውልድ አገሩ በጋናና በቶጎ አካባቢ ቀኑን የሚያሳልፈው በአይጥ ጉድጓድና በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰፊና ገላጣ ሳጥን ያስጨንቀዋል። ሁለት ጠባብ መደበቂያ ይኑረው፣ አንዱ በሞቃቱ፣ አንዱ በቀዝቃዛው በኩል። ሲጠቀለል ጎኑ ግድግዳውን ቢነካ ደስታው ነው። ሞቃቱ ጎን ከ31 እስከ 33 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ቀዝቃዛው ከ24 እስከ 27 ይሁን። መስታወቱ ላይ የምትለጠፈዋን ክብ መለኪያ እኔ አላምናትም፤ ሽቦ ያለው ዲጂታል ገዝታችሁ ጫፉን እሱ የሚተኛበት ወለል ላይ አድርጉ። ማሞቂያው ያለ ቴርሞስታት (ሙቀቱን ከሚቆጣጠረው መሣሪያ ውጪ) አይሰካ። በኤሌክትሪክ የሚግል ድንጋይ ካላችሁ ጣሉት፣ ሆዱን ያቃጥለዋል።

ይህን ካስተካከላችሁ በኋላ አንድ ሳምንት ተዉት። አታውጡት፣ ለእንግዳም አታሳዩት። ከዚያ ከወገቡ ውፍረት ያልበለጠ፣ ከፍሪዘር ወጥቶ በረዶው የለቀቀ የሞተ አይጥ በላስቲክ አድርጋችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ አሙቁና ማታ በመቆንጠጫ አቅርቡለት። እምቢ ካለ አሥር ቀን ጠብቁ፤ በየሦስት ቀኑ መጨቅጨቁ ይብስ ያስኮርፈዋል። ሕይወት ያለው አይጥ ትታችሁበት እንዳታድሩ፣ ነክሶ ያቆስለዋል።

በየሳምንቱ በግራም መዝኑት (በሽሮው ሚዛን ሳይሆን በራሱ)። ከክብደቱ ከአንድ አሥረኛ በላይ ከቀነሰ፣ ወይም አፉን ከፍቶ ከተነፈሰና አረፋ ካሳየ፣ ተሳቢ እንስሳት የሚያይ ሐኪም ጋ ውሰዱት። የውሃ ሳህኑን ወጥ ቤት ሲንክ ውስጥ አትጠቡ፣ ልጁም ከነካው በኋላ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ጤነኛው ዘንዶም ሳልሞኔላ ሊይዝ ይችላል።