የእማዬ ዳዊት ለማን ይሁን?

ጥያቄ፦ እማዬ ካረፈች ሁለት ሳምንት አለፋት። አባታችን የሞተው እኛ ሕፃናት እያለን ስለሆነ እንጀራ ሸጣ ነው ያሳደገችን፣ የማርያም ማኅበርተኛ ነበረች፣ ከቆረበች በኋላ ደግሞ ቅዳሴ ቀርታ አታውቅም። አሁን አሜሪካ ያለው ወንድሜ ለአርባዋ ትልቅ ድንኳን ይተከል ብሩን እኔ እልካለሁ ይላል፣ እኔ ግን እማዬ እንዲህ ያለ ነገር አትወድም ነበር ባይ ነኝ። ከአያቷ የወረሰችውን የብራና ዳዊትም መጥቼ እወስደዋለሁ ብሏል። ምን ትሉኛላችሁ?
የመጨረሻ ልጇ ነኝ፣ ከጎንደር

መልስ፦ እህቴ እግዜር ያጽናሽ፣ የእናትሽን ነፍስ ይማር።

ሣልስት፣ ሰባትና አሥራ ሁለቱ አልፏል፣ ገና ሠላሳ፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት አለ፣ በነዚህ ሁሉ ግን ዋናው ፍትሐቱና ቅዳሴው ነው እንጂ ድንኳኑ አይደለም። ወንድምሽ ብሩን ይላክ፣ እናንተ ደግሞ ነዳያንና የቆሎ ተማሪ አብሉበት፣ ጎንደር ላይ ሆነሽ የቆሎ ተማሪ አታጪም። ለካህናቱ የእናትሽን የክርስትና ስም መስጠት እንዳትረሺ፣ ፍትሐት የሚደረገው በሱ ነው፣ ካላወቅሽው የንስሐ አባታቸውን ጠይቂ።

ማኅበሩን ግን አደራ እልሻለሁ። በየወሩ በ21 እየተራ ሲደግሱ ጽዋው ከቤት ቤት እየዞረ ስንት ዓመት አብረው የቆዩ ሴቶች ናቸው፣ እናትሽ ባል ሞቶባቸው ልጆች ታቅፈው ሲቀሩ ማን እንዳበደራቸው ማን እንዳጽናናቸው ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሙሴዋን፣ ማለትም የማኅበሩን መሪ፣ አናግሪና የእናትሽን ተራ አንቺ አውጪላቸው፣ ከተስማሙ በቦታቸው ግቢ። ስለሳቸው ሲያወሩ አስፈቅደሽ በስልክሽ ቅጂው፣ ዘመድ አዝማዱንም የእናትሽን ትውልድ እስከ ሰባት ቤት ቁጠሩልኝ በያቸው፣ በዕድሜ የገፉት ሳያልፉ ቶሎ አድርጊው። ለኔ ከቤትም ከዕቃም በላይ ውርስ ይሄ ነው።

ወደ ዳዊቱ ስመጣ፣ ወንድምሽ የእናቱ ጠረን ያለበት ነገር እጁ ላይ እንዲኖር ቢፈልግ አልፈርድበትም። ግን በቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ ኤርፖርት ላይ ቢያዝበት ሁላችሁም አጣችሁት ማለት ነው። ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ሄዳችሁ አስመዝግቡት፣ ብዙ ሰው ይወስዱብናል ብሎ ይፈራል እንጂ ቅርስ በግል እጅም መኖር ይችላል። እንግዛችሁ እያሉ ለሚመጡ ደላሎች በጭራሽ እንዳታሳዩት፣ ለመታሰቢያ ብላችሁም ቅጠል አትገንጥሉ። ከማኅደሩ (ከቆዳ መያዣው) ጋር ጭስና እርጥበት የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ፣ ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ አትጠቅልሉበት። ለወንድምሽ እያንዳንዱን ቅጠል ያለ ፍላሽ ፎቶ አንስተሽ ላኪለት፣ ስታነሺ ባዶዎቹን ቅጠሎችና ኅዳጉን (የገጹን ዳር) አትለፊ፣ የድሮ ሰዎች የባለቤቱን ስም፣ አንዳንዴም የመሬት ውል እዛ ላይ ይጽፉ ነበርና ምናልባት የቅድመ አያትሽን ስም ታገኚ ይሆናል። ለአርባቸው 150ው መዝሙር ከዚሁ መጽሐፍ ይደገም፣ ወንድምሽም መምጣት ካልቻለ በቪዲዮ ኮል አስገቡት።