«እምቢ» የሚለው ቁልፍ ይሠራል?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ፔንሲዮን አለኝ። ዌብሳይቱን የሠራልኝ አንድ ልጅ ነው። ሲከፈት «ኩኪ ይቀበላሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ከጀርመን መጥቶ ያረፈ እንግዳ «እምቢ የሚለውን ብጫንም ማስታወቂያችሁ ፌስቡክ ላይ ይከተለኛል፣ እከሳለሁ» ብሎ ኢሜይል ላከልኝ። እኔ የማንንም መረጃ አልሰበሰብኩም። ምን ብዬ ልመልስለት?

መልስ፦ እስካሁን አለመመለስዎ ጥሩ ነው። ዛሬም አይመልሱ።

መጀመሪያ ወዳልነገሩኝ ነገር ልሂድ። ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ የሚያሠራው ማነው? ኩኪ ማለት ዌብሳይት በጎብኚው ብራውዘር ላይ የሚያስቀምጣት ትንሽ የጽሑፍ መረጃ ናት። የመረጠውን ቋንቋ ወይም የጀመረውን ቡኪንግ የምታስታውስ ከሆነ ችግር የለም። ማስታወቂያ ግን ያለ ከፋይ ሰው አይከተልም። ገጽዎ ላይ የፌስቡክ ፒክስል የሚባለው፣ ማን ገጽዎን እንደጎበኘ ለፌስቡክ የሚነግር ኮድ ተተክሎ፣ ለማስታወቂያውም የሆነ ሰው እየከፈለ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ጥርጣሬዬ ልክ ከሆነ «የማንንም መረጃ አልሰበሰብኩም» ብሎ መጻፍ በገዛ እጅ ማስረጃ መስጠት ነው።

ሕጉን ባጭሩ። በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት ዋናው ተጠያቂ መረጃው ለምን እንደሚሰበሰብ የሚወስነው ነው። ስለዚህ «ልጁ ነው የሠራው» አያዋጣም። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዋጋ በዩሮ አስቀምጠው የአውሮፓ እንግዳ የሚጠሩ ከሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራበት የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ጥበቃ ደንብም ሊመለከትዎ ይችላል። ዌብሳይቱን ሳላይ ግን ይመለከትዎታል ብዬ አልደመድምም።

አሁን ትንሽ ልቆጣዎት። ደንበኞቼ የሚወድቁበት ወጥመድ ይሄው ነው፦ «ኩኪ ይቀበላሉ?» የምትለውን ሣጥን ለጥፎ ሕግ አከበርኩ ማለት። ሣጥኗ ጥያቄ ብቻ ናት። «እምቢ» የሚለው ቁልፍ ከፒክስሉ ጋር ካልተያያዘ ጌጥ ነው።

ራስዎ ይሞክሩት። ኮምፒውተር ላይ ክሮምን በኢንኮግኒቶ (የቆዩ ኩኪዎች በማይኖሩበት የግል መስኮት) ከፍተው ወደ ዌብሳይትዎ ይግቡ። ሣጥኗ ስትመጣ ምንም አይጫኑ። ከአድራሻው በስተግራ ያለችውን ምልክት ነክተው የኩኪዎቹን ዝርዝር ይክፈቱ። ኤፍ፣ ቢ፣ ፒ የሚሉ የላቲን ፊደላት ያሉት ስም ካዩ የፌስቡክ ፒክስል ነው። ጂ እና ኤ ካዩ የጎብኚዎችን እንቅስቃሴ የሚመዘግበው የጉግል አናሊቲክስ ነው። ጎብኚው ሳይፈቅድ ተቀምጠዋል ማለት ነው። ከዚያ «እምቢ» ብለው ገጹን ሪፍሬሽ ያድርጉት። አዳዲስ እየተጨመሩ ከሆነ እንግዳው እውነቱን ነው። ጠይቆ መልሱን አለመስማት ደግሞ ጨርሶ ካለመጠየቅ ይከፋል። ቃል ገብተው አፍርሰዋላ! አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሣጥንም ቢሆን ፈቃድ አይባልም፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዲህ ብሎ ወስኗል። ከሥር ያለውን «የኩኪ ፖሊሲ»ስ አንብበውታል? የሌላ ሆቴል ስም እንኳ ሳይጠፋ የተገለበጠ ፖሊሲ አጋጥሞኛል።

«ከብራውዘርህ ላይ ራስህ አጥፋው» የሚል መልስም አይላኩ። እርግጥ ነው፣ ማንም ጎብኚ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ኩኪዎችን ማጥፋት፣ የሦስተኛ ወገን የሚባሉትንም (ከሌላ ድርጅት የሚመጡትን) መከልከል ይችላል። እርስዎም ለራስዎ ቢያደርጉት ደግ ነው። እሱ ማጥፋት መቻሉ ግን የእርስዎን ግዴታ አያነሳም።

ልጁ ደንግጦ ሁሉንም ከማጥፋቱ በፊት ያዩትን ከነቀኑ ፎቶ ያንሱ። ፒክስሉ ይውጣ፣ ግን ምን እንደነበረና መቼ እንደወጣ ተጽፎ ይቀመጥ። ከልጁ ጋር የተዋዋሉበትን ወረቀት ይፈልጉ። በቃል ነው ካሉኝ (እንደዚያ ይመስለኛል) የቴሌግራም ጽሑፋችሁንና የከፈሉበትን ደረሰኝ ያትሙ። የእንግዳውን ኢሜይል ጨምረው፣ አንድ መስመር ከመጻፍዎ በፊት እዚያው ሐዋሳ ያለ ጠበቃ ያማክሩ። የማስታወቂያው አካውንት በማን ስም እንደተከፈተ ልጁን ሳይጠይቁት ግን ጠበቃው ዘንድ አይሂዱ።