«ተዛማጅ ሥራዎች» የሚለው ሐረግ የትወና ገቢን ይጨምራል?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ለገጣፎ ነው። በ2010 ዓ.ም.፣ የ17 ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ቦሌ ቢሮው ውስጥ ከአንድ የሞዴሊንግ ኤጀንሲ ጋር የአሥር ዓመት ውል ፈረምኩ። ከቤተሰቤ የፈረመ የለም፤ ምስክርም የለበትም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በራሴ ኦዲሽን ተፈትኜ በተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ እተውናለሁ። ኤጀንሲው «ሊያ ከበደም ከሞዴልነት ወደ ፊልም ገብታለች፤ ሁለቱ አንድ ሙያ ነው» እያለ ከትወና ክፍያዬ 30 በመቶ ይጠይቀኛል፤ የውል ማሻሻያም እንድፈርም ልኮልኛል። በዚህ ላይ ድሮ ለሀበሻ ቀሚስ ነጋዴ የተነሳሁት ፎቶ ሰሞኑን በሰፈራችን የአንድ የውበት ሳሎን ማስታወቂያ ላይ ተሰቅሏል። ባለቤቱ ፎቶውን ከኤጀንሲው እንደገዛና የታወቀ ሰው ፎቶ ፈቃድ እንደማይጠየቅበት ነገረኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የውሉንና የማሻሻያውን ቅጂ አያይዘው በመላክዎ ሥራችንን አቅልለውልናል።

ብዙ ሰው በእርስዎ ቦታ ቢሆን መጀመሪያ የሚያነሳው ዕድሜን ነው። በፌዴራሉም ሆነ በኦሮሚያ የቤተሰብ ሕግ 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን ያልደረሰ በመሆኑ፣ ያለ ሞግዚት የፈረሙት ውል እንዲፈርስ የመጠየቅ መብት ነበረዎት። ሆኖም የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1810 ይህ ዓይነቱ ክስ ምክንያቱ ከቀረ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል። እርስዎ በ2011 ዓ.ም. 18 ዓመት ስለሞላዎት ጊዜው በ2013 ዓ.ም. አልፏል፤ ከዚያም በኋላ በዚሁ ውል ሠርተው ተከፍለዋል። ስለዚህ ዋናውን ክርክር በዚህ ላይ እንዲመሠርቱ አልመክርም። የምስክሩም ነገር ከዚህ አይሻልም፤ ሁለት ምስክር የሚያስፈልገው ሕጉ ወይም ተዋዋዮቹ ራሳቸው ውሉ በጽሑፍ እንዲሆን ላስገደዱበት ጊዜ ሲሆን፣ ለእንዲህ ያለው የአገልግሎት ውል ሕጉ የተለየ ፎርም አላዘዘም።

የእርስዎ እውነተኛ መከላከያ በውሉ ሁለተኛ ገጽ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ናት። «ሞዴሏ ከማስታወቂያ፣ ከፎቶግራፍ፣ ከፋሽን ትርኢትና ከተዛማጅ ሥራዎች ከምታገኘው ገቢ 30 በመቶ ትከፍላለች» ትላለች። ዝርዝር ተከትሎ የሚመጣ ጥቅል ቃል ትርጉሙን የሚያገኘው ከዝርዝሩ ነው፤ ከፊቱ የተጠቀሱት ሦስቱም ሥራዎች ልብስን ወይም ሸቀጥን በመልክና በቁመና ማስተዋወቅ ሲሆኑ፣ ትወና ግን ጽሑፍ አጥንቶ፣ ገጸ ባሕርይ ተላብሶ፣ በአዘጋጅ እየተመሩ የሚሠሩት ሌላ ሥራ ነው። ውሉን ያዘጋጀው ኤጀንሲው ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1738 ደግሞ አጠራጣሪ የሆነ የውል ቃል ግዴታውን ባስገባው ባለገንዘብ ላይ፣ ግዴታውን ለገባው ባለዕዳ በሚጠቅም መንገድ እንዲተረጎም ይደነግጋል። ባለዕዳ የተባሉት እዚህ እርስዎ ነዎት። የኤጀንሲው ጠበቃ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ጠቅሶ «ተዛማጅ የሚለው ቃል የተዋናይን መብት ይጨምራል» ሊል ይችላል፤ ነገር ግን በአዋጁ ውስጥ የተዋናዩ መብት የሚዛመደው ከደራሲው መብት ጋር እንጂ ከሞዴልነት ጋር አይደለም።

የሊያ ከበደን ስም ማንሳታቸው ደግሞ ክርክር አይሆንም። የአዲስ አበባዋ ልጅ ሊያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 የመዋቢያ ምርቶች ኩባንያውን ኤስቴ ላውደርን የወከለች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሞዴል ሆነች፤ በ2009 ደግሞ የሶማሊያዊቷን ሞዴል የዋሪስ ዲሪን ሕይወት በሚተርከው ፊልም መሪ ተዋናይ ነበረች። ይህ አንድ ሰው ሁለት ሙያ ሊኖረው እንደሚችል ያሳያል፤ የአንዱ ሙያ ውል ሌላውን ያስራል ማለት ግን አይደለም።

ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ኤጀንሲው ራሱ የላከልዎ ማሻሻያ ነው። በሦስተኛው አንቀጹ «ትወናና የፊልም ሥራ» የሚል አዲስ ሐረግ ይጨምራል። ትወና ቀድሞውኑ በውሉ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ምን ሊያስጨምራቸው ኖሯል? አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅዎ፤ ወደ ኦዲሽኑ ያቀረበዎ ወይም ከፕሮዲውሰሩ ጋር ያገናኘዎ የኤጀንሲው ሰው ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ ጥሪው በቀጥታ ለእርስዎ መድረሱን የሚያሳዩ የስልክ መልእክቶችን አያጥፉ።

ወደ ፎቶው ስንመጣ፣ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። የቅጂ መብቱ የፎቶ አንሺው ወይም የኤጀንሲው ቢሆን እንኳ የመልክዎ መብት የእርስዎ ነው፤ ለቀሚስ ነጋዴ የሰጡት ፈቃድ ለሳሎን አያገለግልም። ባለ ሳሎኑ የተማመነው ቁጥር 28 ታዋቂነትን ከፈቃድ ነፃ ከሚያደርጉ ምክንያቶች አንዱ አድርጎ መዘርዘሩ እውነት ነው። በእኔ አስተያየት ግን ድንጋጌው የታሰበው ሕዝብ ሊያውቀው ለሚገባ ጉዳይ እንጂ ለጸጉር ቤት ገበያ አይደለም፤ በዚያ ላይ ፎቶው የተነሳው ድራማው ሳይታሰብ ነው።

አሁኑኑ ማድረግ ያለብዎት ማስታወቂያውን ቀኑ በሚታይ ፎቶ መያዝ፣ ቀጥሎም እንዲወርድ የሚጠይቅ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ለባለ ሳሎኑ ሰጥቶ በቅጂው ላይ ማስፈረም ነው። በቃል መጠየቅዎ አይበቃም አልልም፤ ነገር ግን በቁጥር 29 መሠረት የኅሊና ጉዳት ካሳ የሚታሰበው ማስታወቂያው በተጠየቀ ጊዜ ወዲያው ካልቆመ በመሆኑ፣ መጠየቅዎን ማስረዳት ይኖርብዎታል። ስለ ኅሊና ካሳው ብዙ ተስፋ አያድርጉ፤ ከውል ውጭ ለሚደርስ የኅሊና ጉዳት በቁጥር 2116 የተቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው፤ በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር። ቁም ነገሩ ፍርድ ቤቱ፣ ርትዕ (ፍትሐዊነት) ሲጠይቅ፣ ባለ ሳሎኑ በፎቶው ያገኘውን ጥቅም ያህል እንዲከፍልዎ ማዘዝ መቻሉ ነው።

ለክስ ቦታውን ይለዩ። የኤጀንሲው ውል የተፈረመው ቦሌ ስለሆነ ጉዳዩ አዲስ አበባ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል። እርስዎና ባለ ሳሎኑ ግን ሁለታችሁም የለገጣፎ ነዋሪዎች ናችሁ፤ ለገጣፎ ደግሞ በኦሮሚያ ክልል፣ በሸገር ከተማ ሥር በመሆኑ ክሱ የሚቀርበው ለክልሉ ፍርድ ቤት፣ በአፋን ኦሮሞ ተጽፎ ነው።

ማሻሻያውን አይፈርሙ፤ የላኩልዎን የማሻሻያውን ዋና ወረቀትም መልሰው አይስጧቸው።