ባሕር በሌለበት የባሕር ዳርቻ ትምህርት፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሐረር ውስጥ የባዮሎጂ መምህራንን አሠለጥናለሁ። ስለ ባሕር ዳርቻና ወንዝ ባሕር ስለሚገባበት አፍ (ኢስቹዋሪ) እናስተምራለን፤ ከ30ዎቹ ሠልጣኞቼ ግን ባሕር ያየ የለም። ጅቡቲ ለመውሰድ በጀት የለንም። ሐረማያ ሐይቅ በአንድ ቀን ሊተካው ይችላል?

መልስ፦ ግማሹን ይተካል። ሐረማያ እንደ ባሕር ሞልቶ አይሸሽም፣ ጨው ከጨው አልባ ውሃም አይገናኝበትም። ስለዚህ “ኢስቹዋሪያችን” እያሉ አያስተምሩበት። ዳርቻን የማጥናት ዘዴው ግን ያው ነው።

ለአምስት ሠልጣኝ አንድ 20 ሜትር ገመድ ይስጡ፤ በየ2 ሜትሩ ይቋጠር። ገመዱ ከደረቁ ሣር ተነስቶ ወደ ውሃው ቀጥ ብሎ ይግባ። ብዙዎች ዳርቻውን ተከትለው ይዘረጉታል፤ ያኔ አሥሩም ናሙና ከአንድ ዓይነት ቦታ ይሆንና ለውጥ አይታይም። መነሻው የውሃው ጠርዝ ሳይሆን ዛፍ ወይም ድንጋይ ይሁን። ሐይቁ ደርቆ የተመለሰ በመሆኑ ጠርዙ ይሄዳል ይመጣል፤ የዘንድሮውን ከከርሞው ለማነጻጸር ቋሚ ምልክት ያስፈልጋል።

በየቋጠሮው 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሽቦ ካሬ ሁልጊዜ ከገመዱ በስተቀኝ ይቀመጥ። “እዚህ ጋ ቀንድ አውጣ አለ” ብሎ ካሬውን ወደዚያ የሚያንሸራትት አይጠፋም፤ ቆጠራው የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ተክሉ ከካሬው ስንት እጁን እንደሸፈነ ይጻፍ፤ ውሃ ውስጥ ያለው በወጥ ቤት ወንፊት ተጠልፎ ነጭ ሳህን ላይ ይገልበጥ። ሁለት ደቂቃ ዝም ብለው ይመልከቱት፤ ጭቃው ሲረጋ ነፍሳቱ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ።

የኦክስጅን መለኪያ ካላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። መጻሕፍት በ20 ዲግሪ ሙሌቱን (ውሃው ከአየር ወስዶ ሊይዝ የሚችለውን የኦክስጅን መጠን) በሊትር 9 ሚሊ ግራም ይላሉ፤ ያ በባሕር ወለል ነው። ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ሙሌቱ 7 አካባቢ ነው። ሠልጣኙ 7 አንብቦ “ተበክሏል” እንዳይል።

ውሃ የሚገባ ሁሉ የጎማ ቦት ያድርግ፣ ቀንድ አውጣ በባዶ እጅ አይልቀም፤ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ሊኖር ይችላል።

የጨዉን ነገር ክፍል ውስጥ ይሥሩት። 35 ግራም ጨው (ልሙጥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ) በአንድ ሊትር ውሃ አሟሙተው በቀይ ሥር ውሃ ያቅልሙት፤ የባሕር ጨዋማነት ይህን ያህል ነው። ብርሃን የሚያሳልፍ ረጅም ሳህን እስከ ግማሽ ድረስ በተራ ውሃ ይሙሉና በአንድ ጫፍ ጥቂት ከፍ ያድርጉት። የቀለመውን ከፍ ካለው ጫፍ፣ በሳህኑ ግድግዳ ላይ በቀስታ ያንሸራቱት፤ ከሥር ሆኖ እንደ ምላስ ይዘልቃል። ከላይ ካፈሰሱት ይደባለቃል፣ ሮዝ ውሃ ብቻ ይተርፍዎታል።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ነን። ወንዝ ደለል እንዴት እንደሚጥል ደቻቱ ላይ ማሳየት ይቻላል?

መልስ፦ በሚገባ። ከወንዙ መሃልና ከዳሩ አሸዋ ወስዳችሁ በጠርሙስ ሲሶ ያህል አድርጉ፣ ውሃ ሞልታችሁ ናጡ። አሸዋው ወዲያው፣ ደቃቁ በሰዓታት፣ ሸክላው በማግሥቱ ይረጋል። የምትወጡት ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ይሁን። የ1998ቱን ጎርፍ ከተማው አይረሳውም፤ ደቻቱ ከላይ ከደጋው በዘነበ ዝናብ ስለሚሞላ የድሬ ሰማይ ጥርት ማለቱ ዋስትና አይሆንም። በደጋው፣ በደንገጎ በኩል ሰማዩ ከጠቆረ አሸዋው ላይ አትውረዱ።