ነገሌ ላይ ውኃ የጠየቁት ወታደሮች

ልጆቼ፣

ፖለቲከኞቹ ሲነታረኩ ስትሰለቹ «ምነው አንድ ቆራጥ ጄኔራል ተነሥቶ በገላገለን» የምትሉ አላችሁ። ዕድሜዬን በመለዮ ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ይህን ምኞት እፈራዋለሁ።

በጥር 1966 ነገሌ ቦረና የነበሩ ተራ ወታደሮች የጉድጓዳቸው ፓምፕ ተበላሸባቸው። መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ምግቡም የሚበላ አልነበረም። አቤት ቢሉ ሰሚ ሲያጡ አለቆቻቸውን አሰሩ፤ ንጉሡ የላኳቸውን የምድር ጦር አዛዥም ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትን አጠጧቸው። እውነቱን ለመናገር፣ እስከዚህ ድረስ አልፈርድባቸውም። የተጠማ ሰው አቤቱታውን የሚያደርስበት ሌላ በር አልነበረውም።

አመፁ ግን ከጦር ክፍል ወደ ጦር ክፍል ተዛመተ፤ ሰኔ ላይ ደርግ ተቋቋመ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ብዙ ሰው አጨበጨበ። «ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም» ያሉት ተማሪዎችና ምሁራን የሚሰማቸው አላገኙም። በኅዳር 60 ያህል ባለሥልጣናት ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተረሸኑ። «ጊዜያዊ» የተባለው ወታደራዊ አስተዳደር አሥራ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው ሪፐብሊክ የታወጀው፤ ያኔም የደርጉ ሊቀመንበር ፕሬዚዳንት ተብለው ቀጠሉ።

ጥፋቱን በወታደሩ ላይ ብቻ መደፍደፍ ይቀለናል። ሲቪሉ ባለሥልጣን በንግግር መፍታት ያቃተውን ሁሉ በጦር ሲፈታ፣ ሕዝቡም ያሸነፈውን ሲያወድስ፣ መኮንኑ ከእኔ በቀር አገር የሚያቆም የለም ብሎ ቢያምን ምን ይገርማል?

ሕጉስ ደህና ተጽፏል። የዛሬው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 87 የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን፣ ሠራዊቱም ለማንም የፖለቲካ ድርጅት እንዳይወግን ያዛል። አንቀጽ 55 ደግሞ የመከላከያና የፀጥታ ኃይሎች የሰው መብት ሲጥሱ የተወካዮች ምክር ቤት እንዲያጣራና እርምጃ እንዲወስድ ሥልጣን ይሰጠዋል። የጎደለን ጠያቂ ነው። የመረጣችሁትን ሰው ስለ ወታደሩ ደመወዝ፣ ስለ ቁስለኛው ሕክምና፣ በተኩስ መሀል ስለሞተው ገበሬ ጠይቁት። ሦስቱን አንድ ላይ መጠየቅ ሠራዊቱን መጥላት አይደለም፤ እንዲያ የሚሏችሁ አይጠፉም፣ አትስሟቸው። የሰፈራችሁን ወታደርም አትሽሹት፣ አታምልኩትም።

ከእናንተ መሀል መከላከያ ልትገቡ የምታስቡ ካላችሁ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት አንቀጽ 87ን አንብቡት። አንድ ቀን አለቃችሁ «የፓርቲ ስብሰባ ግቡ» ቢላችሁ በእጃችሁ ያለው እሱ ነው።